የጉዴሌዋ ዶሮ እግሮች

«ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ፤ የምናቀርበው ዶሮ ወጥ፣ ጉዴሌ ሰፈር በወይዘሮ ጀውሀራ ጓሮ በነፃነት እየጫረች ካደገች ዶሮ የተሠራ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናበስራለን።»

በዛብሽ ማስታወቂያውን በሰው አገር፣ አማራት ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ፣ ልጇ ዝማሬ ወንበሩን ደግፋ ይዛላት ነበር። በሩ ላይ ደግሞ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ታሰረ። ለምስክርነት።

ዝማሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይንም አላት። ጓዳ ውስጥ ላባ አይታ አታውቅም። ቢላ ይዞ፣ በስመ አብ ብሎ ዶሮ የሚባርክ ሰውም አላየችም። የምታየው ሐሙስ ሐሙስ በጓሮ በር የሚገባ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ካርቶን ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዓሣ ነው» ትላለች እናቷ።

ቤቱ ዓሣ አይሸጥም።

መምህሩ «ከምትበሉት አንዱን እስከ ምንጩ ተከታተሉ፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ ይነበባል» ሲሉ፣ ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ አድጋ አማርኛ የለመደችው ጓደኛዋ አኮል ተፍነከነከች። «የኛማ አለቀ! ጀውሀራ ጋ ሄደን ፎቶ ማንሳት ነው። ፉል ማርክ!»

ቅዳሜ ጉዴሌ ሄዱ። የጀውሀራ ጓሮ ውስጥ ከሰልና ሽንኩርት ነበር።

«ጂዳድ? ማፊ!» ብላ ሳቀች ጀውሀራ፤ በአገሬው ዓረብኛ ዶሮ የለም ማለቷ ነው። «አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበረኝ። እሱንም እናትሽ ወሰደችው።»

ሲመለሱ በቦዳቦዳው፣ በኪራይ ሞተር ሳይክሉ ላይ፣ አኮል ወደ ዝማሬ ዞረች። «ካልሽ ዶሮ አየን ብዬ እጽፋለሁ» አለች። «ግን ቆመሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

እሑድ አኮል ደብተሯን ይዛ ምግብ ቤቱ መጣች። ቋሚው ደንበኛ አቶ ኃይለመለኮት አራት እንግዶች አስከትለው ነበር።

«በዛብሽ! ሙሉዋን ዶሮ፤ አሥራ ሁለቱንም ብልት!» ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እኔ የፈረንጅ ዶሮ ከአሥር ሜትር ይሸተኛል። ባፌም አላዞረውም!»

ጓዳ ውስጥ በዛብሽ ልጇን ጠጋ አለቻት። «እንደ ሁልጊዜው። ሁለት እግር ብቻ፤ ሌላውን ከአጥንቱ ፈልፍለሽ እንቁላል አብዢበት።»

«እማዬ፣ ማን ነው የባረከው?»

«እንግዳ አታስጠብቂ! ቤቱን ልትዘጊብኝ ነው?»

ዝማሬ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አስገባች። እግር። ደግማ አስገባች። እግር። አንገት የለም፣ ክንፍ የለም፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚገባው ካርቶን የበረዶ ዶሮ እግር ብቻ ኖሯል። በበሩ በኩል አኮልን አየቻት፤ ደብተሩ ተከፍቷል፣ ገጹ ግን ባዶ ነው። እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ምንም ሳትፈለፍል ድስቱን ትሪው ላይ ገለበጠችና ይዛ ወጣች።

«አያችሁ» አሉ አቶ ኃይለመለኮት እጃቸውን እየዘረጉ፣ «የጉዴሌ ዶሮ ማለት—»

ጣታቸው ሳያስቡት መቁጠር ጀመረ። ሰባተኛው እግር ላይ ቆመ። አንዱ እንግዳ የጠቀለለውን ጉርሻ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ። በዛብሽ ጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀረች። አኮል ብዕሯን አነሳች።

ዝማሬ ትሪውን አላነሳችም።

በሩ ላይ የታሰረው አውራ ዶሮ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ጮኸ።