ምራቅ ያልጠጣው ሲባጎ

አባ መረብ የሞተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ራሱ በሠራው የከርከሮ ማደኛ መረብ ውስጥ ሾልኮ ስሚንቶ ላይ ተከስክሶ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከእጁ የወጣ መረብ ተበጥሶ አዳኝ የነበረውን የሚስቱን ወንድም ከርከሮ ከገደለው ወዲህ፣ አንድም መረብ ሳይፈትን ለአዳኝ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። መረቡን በአራት ማዕዘን አስወጥሮ ሰገነት ላይ ይወጣና ያን መቶ ኪሎ ገላውን ይወረውርበታል። «ከርከሮ ከእኔ አይብስም» እያለ ይስቅ ነበር። እውነቱን ነው፤ ከርከሮ ከእሱ አይብስም።

ባልደረቦቹ «አዝጋሚው» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ ምክትሉ ነገሩን ጨርሶ ጠበቀው።

«ሲባጎው በስብሶ ነው ጌታዬ። የገመደው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። የሲባጎ ክፍሉ ቁልፍም በእሱ እጅ ነው። ልሰረው?»

«መጀመሪያ የተበጠሰውን አሳየኝ።»

ምክትሉ መረቡን እያገላበጠ ፈለገ። መሃሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ፤ የተበጠሰ ክር ግን አንድም የለም። ቋጠሮዎቹ ተንሸራተው ተፈትተዋል።

«በስብሶ ያልተበጠሰ ሲባጎ በዕድሜዬ አላየሁም» አለ አዝጋሚው፤ ከመሃሉ ረድፍ ቁራጭ ቆርጦም ወደ ሲባጎ ክፍሉ አዘገመ።

ገማጁ ጥቅሎቹ መሃል ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«ሲባጎ እንዴት ነው የምትመርጡት?»

«በአፍ ነው ጌታዬ። ጫፉን እናኝከዋለን። ጥሩ ጥጥ ምራቅ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቋጠሮው ይጠብቃል።»

«ናይለንስ?»

«ናይለን ጠንካራ ነው፤ ግን ያሟልጫል። ሁለት ዙር ካልቋጠሩት አይታመንም። ጋሼ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እዚህ ቤት አያስገባውም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጥጥ ነው እንጂ ለላስቲክ አይደለም።»

አዝጋሚው ቁራጩን አቀበለው። ገማጁ አኘከው፣ አወጣው፣ ደግሞ አኘከው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ ምራቅ አልጠጣም። ቀለም ተቀብቶ፣ እንዳያብለጨልጭ አመድ ታሽቶበታል። የእኔ አይደለም ጌታዬ።»

«ማን ያምንሃል?»

ገማጁ ቁራጩን በእጅጌው ጠርጎ መለሰለት።

መረቡን የቋጠረችው ከርከሮ የገደለው የዚያ አዳኝ መበለት ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ቂም ካለ ከዚህች ቤት ነው ብሎ ምክትሉ በሹክሹክታ አስቀድሟል።

«ስንት ዙር ነው የምትቋጥሪው እህቴ?»

«አንድ። ጥጥ ሌላ አይፈልግም።»

«ጫፉንስ? በእሳት ትለኩሽዋለሽ?»

«ጥጡን አመድ ላድርገው? እዚህ ቤት ክብሪት የያዘ ሰው ከበር ይመለሳል።»

«ከጨረስሽው በኋላ መረቡ የት ነበር?»

«ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጓሮ ተሰጥቶ ነበር። ጓሮ የእትዬ ነው፤ ሳትጠራን አንገባም።»

እትዬ ያለቻት የአባ መረብን ሚስት፣ የራሷን ባል እህት ነው። ሴትዮዋ ጓሮ ውስጥ ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው ጥላ የሚሆን ሸራ ትወጥራለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እግዜር ያጽናዎት» አላት አዝጋሚው።

«አሜን። ገማጁን መቼ ነው የምትወስዱት?»

«ለምን እሱን?»

«ሲባጎውን ማን ገመደው? ወንድሜ የሞተ ጊዜ ማንም አልተጠየቀም። አሁን ይጠየቅ።»

ይህን እያለች የሸራውን ገመድ በቢላ ቆረጠች፤ ክብሪት ጭራ ጫፉን አቀለጠች፤ በምራቅ ባራሰችው ጣቷ ድቡልቡል አደረገችው። ገመዱን አላየችውም፤ ዓይኗ መርማሪው ላይ ነበር።

«የት ነው ያደጉት?»

«ሐይቅ ዳር፣ አባቴ ጀልባ ላይ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለና እያዘገመ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰገነቱ ሥር ሰበሰባቸው። መረቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«ሟቹን የገደለው የበሰበሰ ሲባጎ አይደለም፤ ጠንካራ ሲባጎ ነው። መረቡ ጓሮ ተሰጥቶ ሳለ አንድ ሰው ከመሃል አንድ ረድፍ ጥጥ አውጥቶ ናይለን አስገብቷል። ሳያውቅ ተሳስቶ ነው እንዳልል፣ የረድፉን ዳርና ዳር እዩ። እዚያ ቋጠሮው ሁለት ሁለት ዙር ነው፤ መረቡ ሲሰቀል ቀጥ ብሎ እንዲታይ። ሰውየው የሚወድቅበት መሃሉ ግን አንድ አንድ ዙር ብቻ ነው። ይህን የሠራ ሰው የናይለንን ጠባይ አብጠርጥሮ ያውቃል።»

«ገማጁም ያውቃል» አለች ሚስትየው።

«በወሬ ያውቃል። እጁ ግን አያውቅም። አሁን ጫፎቹን እዩ።» ትንንሽ ጥቁር እንክብሎች አሳያቸው። «በክብሪት ቀልጠው፣ በእርጥብ ጣት ተድቦልቡለዋል። ጥጥ ሲቋጥር የኖረ እጅ ክብሪት አይጭርም። ለዚህ ሥራም ማቅለጥ አያስፈልግም ነበር፤ ሰውየው አንዴ ነው የሚወድቅበት። ያቀለጠው የዓሣ መረብ ሲሠራ ያደገ እጅ ነው። እሜቴ፣ ዛሬ የሸራውን ገመድ ሲያቀልጡ እጅዎን እንኳ አላዩትም።»

ምክትሉ ወደ በሩ ሄደ። ሴትዮዋ ጣቶቿን አጣጠፈች።

«እጁን አገኘሁ» አለ አዝጋሚው፤ ወደ ገማጁ ዞሮ። «ምክንያቱን ግን አላገኘሁም። ሚስት ባሏን በምን ጠልታ ገደለችው ይሉኛል። የሲባጎ ክፍሉ ቁልፍ ያንተ፣ ሙያው ያንተ፤ ጠበቃዋ ጣቱን አንተ ላይ ነው የሚቀስረው። የዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ አንብቤዋለሁ። ሲባጎው አዲስ ነበር ብላችሁ የማላችሁት አንተና ወንድምህ ናችሁ። ወይ እውነቱን ተናገር፣ ወይ በዚህኛው ሞት ተጠየቅ።»

«ይምረጥ» አለች ሚስትየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ሁለቱም ያጠግበኛል።»

ገማጁ ወደ በሩ አየ። ምክትሉ በሩን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ ነው የመረጠው» አለ በመጨረሻ። «አዳኙ በጋሼ ሰርግ ቀን ‹እህቴን ለክር ገማጅ ሰጠናት› ብሎ ሰው አስቆበት ነበር። ጋሼ እድሜ ልኩን ቂም ያዘበት። የሻገተ ጥጥ ከክምሩ ሥር እያወጣ እያኘከ፣ ‹ይኼ ነው፣ ይኼን ግመድለት› አለኝ። እኔም ገመድኩ። ደህናውን ከላይ አለበስኩት።»

«ባለፈው ወር ይህንኑ እያወሩ ሲስቁ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ» አለች ሚስትየው። «ውሃ ይዤላቸው ነበር። ገብቼ አጠጣኋቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

እስካሁን ጥግ ላይ የተቀመጠችው ቋጣሪዋ ተነሳች። ሄዳ ገማጁ ፊት ቆመች።

«የባሌን መረብ የቋጠርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቋጠሮዬ ላልቶ ነው የገደልኩት እያልኩ አልቅሻለሁ። አጠገቤ ተቀምጠህ ሲባጎ ታቀብለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አንቺ አይደለሽም አላልከኝም።»

ገማጁ አንገቱን ደፋ። ሚስትየው ሁለት እጇን ለመርማሪው ዘረጋች።

«አሁን ውሰደኝ» አለችው። «እሷ ይህን እስክትሰማ ነበር የጠበቅኩት።»