ኢንባል ያልተረጎመችው

«ልቀቀው! እጁን ልትሰብረው ነው እኮ! ልቀቀው!»

ኢንባል በክፍል ውስጥ «ድምፅሽን ቀንሺ» ያልተባለችበት ቀን የለም። ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ ብትጮህ ፖሊሱ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። የእናቷ ወንድም ገብሩ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈራቸው፣ ከሽሎሚ ሱቅ ደጅ አስፋልት ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ፖሊሱ ጀርባው ላይ ተንበርክኮ እጁን ወደ ኋላ ይጠመዝዛል። አብራው የመጣችው ፖሊስ ቴይዘር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገና ከእጇ አላስቀመጠችም። አንዴ ስትተኩስበት የገብሩ ሰውነት ከእግር እስከ ራሱ ተንዘፍዝፎ ነበር። አሁን እየተንሰቀሰቀ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል፤ እሱንም በአማርኛ።

ነገሩ ሲጀመር ኢንባል ከመንገዱ ማዶ ስለነበረች ሁሉንም አይታለች። ገብሩ የሽሎሚን የዕቃ ማመላለሻ ሞተር ሳይክል እየጠበቀ ነበር። አሠሪው ሽሎሚ «እስክመለስ ጠብቅልኝ» ካለው ገብሩ ዝናብ ቢወርድ ከዚያች ሞተር አጠገብ ንቅንቅ አይልም። አንድ የማይታወቅ ሰው ታዲያ «ሞተር ሊሰርቅ የሚያንዣብብ ሰውዬ አለ» ብሎ ለፖሊስ ደወለ። ፖሊሱ መጣና መታወቂያ ጠየቀው። ገብሩ ድንገት ሲጠየቅ መልሱ እስኪመጣለት ጊዜ ይፈልጋል፤ ፖሊሱ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጮኸበት። ቀረብ ብሎ እንደገና ጮኸበት።

ትልቅ ሰው ሲቆጣ ምን እንደሚደረግ ገብሩ አሳምሮ ያውቃል፤ እናቱ ከልጅነቱ ጀምረው አስተምረውታል። ጎንበስ ብሎ ጉልበት መሳም ነው። ጉልበቱን የተሳመ ሰው ቢቆጣም «በቃ፣ ተነሥ ልጄ» ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል? ስለዚህ ገብሩ በድንጋጤ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጆቹን ወደ ፖሊሱ ጉልበት ዘረጋ። የፖሊሱ ሽጉጥ ደግሞ እዚያው ቅርብ፣ ወገቡ ላይ ነበር።

«ጉልበትህን ሊስም ነው!» ብላ ነበር ኢንባል መንገዱን እየተሻገረች የጮኸችው። በዕብራይስጥ ሲባል ቀልድ ይመስላል። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ያንኑ ምሽት ፊቱ ተላልጦ፣ የእጁ አንጓ በፋሻ ታስሮ ለቀቁት። መልቀቅ ሲባል ግን እንዲሁ አይደለም። ፖሊሱ «መሣሪያዬን ሊነጥቀኝ ተወረወረብኝ» ብሎ ቃሉን ስለሰጠ፣ ገብሩ ፖሊስ በማጥቃት ሊከሰስ ነው። ዝንብ እንኳ ገድሎ የማያውቀው ገብሩ!

የትምህርት ሳምንት በሚጀምርበት በእሑድ ትምህርት ቤት ስትደርስ፣ አንድ መንገደኛ ግርግሩን በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ ቀድሟት ክፍሉን አዳርሷል። የክፍሏ ልጅ ሊያም ስልኩን ዘረጋላት።

«ኢንባል፣ አትቆጪ እሺ? ግን እዚህ ላይ ሲታይ ስታም፣ እንዲሁ በባዶ ሜዳ፣ ዘሎ የያዘው እሱ ነው የሚመስለው።»

«ከመሃል ነዋ የሚጀምረው! የጮኸበት የታለ?»

«ገብቶኛል። ግን ቪዲዮው ላይ የሌለውን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ያላ፣ ዝጋው አሁን።»

አልፈራችም። ያየችውን አይታለች፤ ለሚጠይቃት ሁሉ ትናገራለች። ለመናገር ደግሞ ማን እንደሷ!

በማግስቱ ለገብሩ የተመደበችለትን ጠበቃ፣ ዚቫን፣ ለማግኘት ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ገብሩ፣ አያቷ እማማ ብርሃነሽና ኢንባል። እናቷ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ስላላገኘች ማስተርጎሙ በኢንባል ላይ ወደቀ። ለእሷ አዲስ አይደለም። የአያቷ ዕብራይስጥ ከገበያ ስለማያልፍ፣ ሐኪም ቤትም ባንክም የቤተሰቡ አፍ ሆና ያደገችው እሷ ናት።

ዚቫ አላንዛዛችውም። «ፖሊስ አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ገብሩ አጥፍቻለሁ ብሎ ይቅርታ ከጠየቀ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይዘጋል። ግን ፖሊስ ማጥቃቱን አመነ ማለት ነው። ነገ ሌላ ፖሊስ ሲያስቆመው ከስሙ ጋር የሚያገኘው ይህንኑ ነው።»

«እምቢ ካልንስ?» አለች ኢንባል።

«እንከራከራለን። አንቺ ያየሽውን ትመሰክሪያለሽ። ግን ዳኛው አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ለምን ዝም አለ፣ ለምን ወደ ሽጉጡ ጎነበሰ ብሎ ይጠይቃል። ስለ አጎትሽ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ። የሚባለውን እንደ ማንም ሰው ይረዳል?»

«ምን አለች?» አሉ እማማ ብርሃነሽ።

ኢንባል ተረጎመችላቸው። አያቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጥ አሉ።

«ጤነኛ ነው በያት። ዝምተኛ ነው እንጂ ልጄ ምንም አልሆነም።»

ኢንባል ይህን መልስ ታውቀዋለች። ገብሩ ትንሽ ልጅ ሳለ፣ ወደዚህ አገር በገቡ ሰሞን፣ አንዲት አስተማሪ «ይህ ልጅ ልዩ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል» ብላ ነበር። እማማ ብርሃነሽ ያን ቀን ልጃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቤታቸው ተነሥቶ አያውቅም። ገብሩ ሂሳብ ቢሳሳት ሂሳብ አይወድም፣ ማንበብ ቢያቅተው ዓይኑን ያመዋል ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ለእሱ የሚመልሱት እናቱ ናቸው።

ታዲያ አሁን ምን ትበል? «ጤነኛ ነው» ብላ ብትተረጉም የፖሊሱ ቃል ጸንቶ መቅረቱ ነው። ሌላም መንገድ አለ። ለዚቫ በዕብራይስጥ እውነቱን ጣል አድርጋላት፣ ለአያቷ «ብያታለሁ» ማለት ትችላለች። አያቷ በምን ያውቃሉ? እንዲያ ለማድረግ አፏን ልትከፍት ስትል የገብሩን ዓይን አየች። አፍ አፏን ያያል። ከሽሎሚ ጋር ዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ ሰው ረጋ ብሎ ካወራ ዕብራይስጥ ይገባዋል። እዚሁ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እንደሌለ ሰው ልታወራበት ነበር። አፈረች።

«ምን አሉ?» አለች ዚቫ።

ኢንባል አልተረጎመችም። «አንድ ጊዜ» ብላ ተነሣችና አጎቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አያ ገብሩ፣ ሴትዮዋ ስላንተ እየጠየቀች ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ፖሊሱ ሲጠይቅህ ለምን ዝም እንዳልክ ልነግራት እፈልጋለሁ። ግን ያንተ ጉዳይ ነው። ካልፈቀድክልኝ አልናገርም።»

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት?»

«ነገር… ቶሎ እንደማይገባህ። ሰው ሲጮህብህ ደግሞ ጭራሽ እንደሚጠፋብህ።»

«ዝም በይ!» አሉ እማማ ብርሃነሽ። «ፊቱ ላይ እንዲህ ይባላል? አታፍሪም?»

«እማማ፣ ይቆዩኝማ። እስቲ እሱ ይናገር።»

ገብሩ አልቸኮለም። በፋሻ የታሰረ እጁን አገላብጦ አየ። ኢንባል ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ጠበቀችው። ዚቫም ምን እንደሚባል ባይገባትም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀች።

«ንገሪያት» አለ በመጨረሻ። «ሽሎሚ ያውቃል። እህቴም ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። እማዬ ብቻ ናት የማታውቀው።»

ክፉ ቃል አልነበረውም፤ እንደወትሮው በለሆሳስ ነው ያለው። እማማ ብርሃነሽ ግን ደረታቸውን የተመቱ ያህል ክው አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እንዴት አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ማንም ሳያውቅ እኔ አውቄያለሁ። ሰው እንዳይንቅህ ብዬ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ጠራርገው ወደ ኢንባል ዞሩ። «ጉልበት መሳምን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ንገሪያት። ከእኔ የተማረው ነው በያት።»

ኢንባል ወንበሯን ከጠበቃዋ ጠረጴዛ ሳበችና ከገብሩ ጎን አድርጋ ተቀመጠች። ስታስተረጉም ቃላቱን እንደ ጥይት የምታንጣጣው ልማዷ ነው፤ ዛሬ ግን እንዲያ መሆን እንደሌለበት ቆረጠች።

«የምነግርሽን አጎቴ ፈቅዶልኛል» አለች ለዚቫ። «ከተሳሳትኩ ያርመኛል።»

ከዚያ ገብሩን እያየች፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው ዕብራይስጡን ቀስ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።