ገጽ ሰማንያ ሦስት

ደራሲው በሥራ ክፍሉ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ አርፏል፤ ቀኝ እጁ በመጽሐፉ ረቂቅ ላይ ተዘርግቷል። ላየው ሁሉ ልቡ የደከመ ሽማግሌ ሞት ነበር። ሐኪሙም እንዲያ ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር፤ መርማሪዋ «ትንሽ ይቆዩኝ» ባትለው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቅጥነቷን አይተው ብቻ አይደለም። ዓይኗ የተሰካው ከመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ በተቀመጠች ትንሽ የኪኒን ብልቃጥ ላይ ነበር።

«ይቺን እዚያ ላይ ማን ሰቀላት?»

«እኔ እንጃ!» አለች የሟቹ ሚስት፣ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነበረች። «ከሸሚዝ ኪሱ ወጥታ አታውቅም። ልቡን ሲይዘው ምላሱ ሥር የሚያደርገው ከእሷ ነው። ደግሞ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ደጋፊ መቼ ተነሥቶ ያውቃል?»

ብልቃጧን ሌላ ሰው አስቀምጧታል ማለት ነው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

በማግስቱ መርማሪዋ ከሚስቲቱ ጀመረች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሴትዮዋ ገና ሳትጠየቅ። «ትናንት ተጣላን። ምሳ ቀርቦ ሲቀዘቅዝ እሱ ከወረቀቱ ቀና አይልም። ‹ከዚህ መጽሐፍህ ጋር ኑር› ብዬው በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ እህቴ ቤት ሄድኩ። ስመለስ… እንዲያ ሆኖ ጠበቀኝ።»

እህቷም ጎረቤቶቹም እዚያ መዋሏን መሰከሩ።

ቀጥላ የገባችው መጽሐፉን በኮምፒውተር የምታሰናዳው አቀናባሪ ነበረች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እኔ የመጣሁት እትዬ ከወጡ በኋላ ነው» አለች። «ረቂቁ እስከ ትናንት ከሽፋኑ ጀምሮ ነበር የሚቆጥረው፤ መጽሐፍ ደግሞ እንዲያ አይሆንም። ፋይሉን በክፍል በክፍል ለየሁት። መቅድሙንና ማውጫውን በግእዝ ቁጥር አድርጌ፣ ምዕራፍ አንድ ከገጽ አንድ እንዲጀምር አደረግኩ። ክፍሎቹ ተያይዘው ስለነበር አንዱን ሳቃና ሌላው ሲጣመም አሳሬን አየሁ። ከዚያ ራስጌውን አስገባሁ፤ በግራ ገጽ አናት ላይ የመጽሐፉን ስም፣ በቀኝ ገጽ አናት ላይ የምዕራፉን ርእስ። አንዲት ቅጂ ብቻ አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።»

«ከዚያስ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «‹ልጄ፣ ትንሽ ቆዪ፤ ደረቴን ደስ አላለኝም› አሉኝ። ሱቄ ደንበኛ ይጠብቀኝ ስለነበር በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ሱቋ ሲጠብቃት የነበረው ደንበኛ ያለችውን አረጋገጠ።

የመጨረሻው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ንግግሩ የተመጠነ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሻል።

«ካለፈው ወር ወዲህ ይህን ቤት አልረገጥኩም» አለ።

«ከወንድምዎ ጋር ቅያሜ ነበራችሁ?»

«ምን ቅያሜ አለ? ያኔ ረቂቁን ሰጥቶኝ አንብቤዋለሁ።»

«ስለ እርስዎ የጻፈውንም?»

«እሱንም። ልጆች ሳለን ታናሽ እህታችን የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሞተች። ክዳኑን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ገጽ ሰማንያ ሦስት ላይ ጽፎታል። እውነት ነውና ምን እላለሁ? ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ያን የተሰጠዎትን ረቂቅ ባየው?»

ባርኔጣው ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። ለማንሣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሳሎን ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ፖሊሱ ከቀያሹ ቤት ያመጣውን ትልቅ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አፉ እንደተለጠፈ ነው።

«ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ‹የገደልኩት እኔ ነኝ› ብሎኛል» አለች፤ «ካንድ ሰው በቀር። አንብቤዋለሁ ያሉት ረቂቅ ይኸው፤ ፖስታው እንኳ አልተከፈተም።»

ቀደደችውና ገጽ ሰማንያ ሦስትን አውጥታ አሳየች። የደራሲውን የተማሪ ቤት ጨዋታ የሚተርክ ገጽ ነበር።

«በዚህኛው የእህታችሁ ታሪክ ያለው ገጽ ዘጠና አምስት ላይ ነው፤ ሽፋኑና መቅድሙ አብረው ተቆጥረዋልና። ሰማንያ ሦስት የሆነው ትናንት፣ ይቺ ልጅ ቁጥሩን ካስተካከለች በኋላ ነው። ያን ቁጥር የያዘ ወረቀት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሟቹ እጅ ሥር ነበር። ሚስቱ ከመታተሙ በፊት ወጥታለች። ልጅቷ ትታው ስትሄድ በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከሱቋ አልወጣችም። ከእሷ በኋላ ገብተው ያንን ገጽ ያዩት እርስዎ ነዎት።»

ቀያሹ ወደ ፊት ጎበጠ።

«ፖስታውን መክፈት ፈርቼ ከረምኩ» አለ። «ትናንት ልለምነው መጣሁ፣ አውጣልኝ ልለው። ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ አናቱ ላይ ‹የወንድሜ ጥፋት› ይላል። ገለጥኩ፣ ደግሞ ‹የወንድሜ ጥፋት›። በየቀኙ ገጽ! ዕድሜ ልኬን አንገቴን ደፍቼ የኖርኩበትን ለልጆቼ ሊያነብላቸው ነው አልኩ። ጮህኩበት። ደረቱን ያዘ። ብልቃጧን ሲያወጣ ከእጁ ቀማሁት፤ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኳትና ወጣሁ።»

«ርእሱ እኮ ያ አይደለም!» አቀናባሪዋ ተነሥታ ቆመች። «ረዥም ስለሆነ በአንድ መስመር አልገባ አለኝ። ለራስጌው ብቻ ብዬ አሳጠርኩት። የምዕራፉ መክፈቻ ገጽ ላይ ራስጌ አይገባም፤ ሙሉው ርእስ እዚያ ነው ያለው።»

መርማሪዋ ከአዲሱ ቅጂ ያንን ምዕራፍ አንሥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። መክፈቻው ላይ «የወንድሜ ጥፋት ሲባል የኖረው የእኔ ጥፋት» ይላል። ከሥሩ፣ ‹ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ታናሼ ሲገረፍ ቆሜ አየሁ› ብሎ ይጀምራል።

«ገልብጠው ይለኝ ነበር» አለ ሰውየው በሰለለ ድምፅ። «ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በጣቱ ወረቀቱን እያሳየ ‹ገልብጠው› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ገና ብዙ አለልህ የሚለኝ መስሎኝ…»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋ መርማሪዋ በእጇ አስቆመችው። «ይጨርሰው» አለች።

አነበበ። ሁሉም ቆመው ጠበቁት። ሲጨርስ ጣቱን በመጨረሻው ገጽ ራስጌ፣ ‹የወንድሜ ጥፋት› በሚለው ላይ አስኬደና ወደ አቀናባሪዋ ቀና አለ።

«አሁን ትክክል ነው፣ ልጄ። እንዳትቀይሪው።»

«ትቀይረዋለች» አለች የሟቹ ሚስት፣ ወረቀቱን ከእጁ እየወሰደች። «እሱ እንዲያ አላለም።»