ለገንዳው የምትስማማ

ትርንጎ ከተዳረች ወዲህ የጠዋት ሥራዋ አንድ ነበር፤ ባሏ ይልቃል ዓሣዎቹን ሲመግብ አጠገቡ ቆማ ታያለች። የቢሾፍቱው ቤታቸው ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በመስታወት ገንዳ ተይዟል፤ ውስጡ ሲክሊድ የሚባሉ፣ የቆሮሶ ዘመድ የሆኑ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ። መልካቸው ቢያምርም ጠባቸው ለጉድ ነው። ይልቃል ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ በመምረጥ የሚስተካከለው የለም፤ ቀለማቸው የሚመሳሰል እንደሚጋደሉ፣ አዲስ ሲገባም ነባሮቹ ሰፈራቸውን እንዲረሱ ድንጋዩ ሁሉ ቦታ እንደሚቀያየር በለሰለሰ ድምፅ ያስረዳታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እሷም እየሳቀች ትሰማው ነበር።

መጀመሪያ መጋረጃው በጥቁር ተተካ፤ ብርሃን ውሃውን ያበላሸዋል አለ። ቀጥሎ፣ የሚያንኳኳ ሰው ዓሣዎቹን ያስደነግጣል ብሎ በሩን ከውጭ እየቆለፈ መውጣት ጀመረ። ስልኳንም እሱ ያዘው። ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን የአየር ፓምፕ ብቻ ሆነ፤ ያ ለብ ያለ የረጋ ውሃ ሽታም ከሳሎኑ አልፎ ትራሷ ውስጥ ገባ።

ጨለማውን ለምዳ፣ አንዲት ጥግ መርጣ መቀመጥ ስትጀምር፣ አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ አልጋው፣ ወንበሩ፣ ቁም ሳጥኑ ሁሉ ቦታ ቀይሮ ጠበቃት። እንዳትሰለች ብሎ እንደሆነ ነገራት። ቁም ሳጥኑ በተነሳበት ግድግዳ ላይ፣ ሰው ዘወትር ሲደገፍ የሚተወው ዓይነት የጭንቅላት ወዝ አየች፤ አንዱ ከእሷ ቁመት ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከፍ ያለ። ማን እንደነበሩ አልጠየቀችም፤ ፈራች። ከዚያ ወዲያ ይልቃል ከክፍል ክፍል ይከተላት ጀመር። አይመታትም፣ አይሰድባትም። ብቻ ከኋላዋ ይቆማል፤ ስትሄድ ይሄዳል።

የቀራት ተስፋ ለፋሲካ እናቷን በስልክ እንደሚያገናኛት መማሉ ነበር። “እማዬ፣ ነይና ውሰጂኝ” የሚለውን በሆዷ ስትለማመድ ሰነበተች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ከትልቁ ሰማያዊ ወንድ ጋር የገባችው ሴት ዓሣ ክንፏ ተበጣጥሶ ተንሳፍፋ ተገኘች። ይልቃል በመረብ አወጣትና መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አያት።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ። “አንዲት ብቻዋን ከሆነች እስክትሞት ያሳድዳታል። ሌላ ሴት ስትጨመር ግን ማሳደዱ ለሁለት ይከፈላል።”

እጁን ጠረገና ስልኩን ሰጣት።

“ከእህቶችሽ የማትመስልሽ የትኛዋ ናት?”

ትርንጎ ወደ እናቷ ደወለች። እናቷ ስልኩን እልል ብላ አነሳችው፤ ከጀርባዋ የበግ ድምፅ ይሰማል። ባል ያገባች ልጅ ከተማ ከገባች ታናሿን ወስዳ ማስጠጋት የአገር ልማድ ነውና፣ እናት ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ሁለቱም እህቶቿ የእሷን ጥሪ እንደሚጠብቁ አወራቻት። አንደኛዋ፣ እናትነሽ፣ ቁርጥ ትርንጎን ናት። ዘንድሮ ኮሌጅ የጨረሰችው ምንትዋብ ግን ቀይ፣ ቀጭን፣ አባቷን የወጣች ናት።

የይልቃል ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ ነበር። ትርንጎ የተለማመደችውን ቃል ልታወጣ አፏን ከፈተች።

“እማዬ፣” አለች ድምፅዋ ሳይርድ፣ “ቤቱ ለብቻዬ ሰፋኝ፤ ምንትዋብን ላኪልኝ።”