እኔ ስመጣ የሚታጠብ ቁስል

መጀመሪያ ያየሁት እግሩን እንጂ ፊቱን አልነበረም። አባቴ እዚህ ቻይና፣ ቻንግሻ ከተማ የባህል ሐኪም ነው፤ ፋሻ የምቀይረው እኔ ነኝ። ደንግ ካይ የስኳር በሽታ አለበት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የወጣው ቁስል ዓመት ሙሉ አልድን ብሎት ነው የመጣው።

«አፍንጫሽን ያዢ» አለኝ ጫማውን እያወለቀ።

«ዝም ብለህ እግርህን ዘርጋ! የገማ ቶፉ፣ ያ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሲጠበስ እያሸተትኩ ነው ያደግኩት።»

ሳቀ። እኔማ... በዚያች ሳቅ አለቀልኝ!

አባቴ ከዕፅዋት የተሠራውን ቀይ ቅባት ቀባው።

«ስማኝ ልጄ፣ ቁስሉ ይረጥባል፣ መግል ይይዛል። ሥጋ የሚበቅለው ከዚያ ሥር ነው፤ እንዳትነካው! የሆስፒታሉንም መድኃኒት እንዳታቋርጥ።»

ከዚያ ወዲያ ፋሻውን ቤቱ እየሄድኩ እቀይርለት ጀመር። ቁስሉ ሁልጊዜ ደረቅና ንጹሕ ነው። ሥጋ ግን ወይ ፍንክች! ጎረቤታችን በዚያው ቅባት ድና ገበያ ትወጣለች።

«ዶሮና ዓሣ ትበላለህ አይደል? ቁስል ይቀሰቅሳል ብሎ አባቴ አልከለከለህም?»

«በእናቴ ስም፣ አልቀመስኩም!»

አላመንኩትም። ተኳርፈን ሰነበትን፤ ፋሻውን ግን እቀይርለት ነበር።

አንድ ጠዋት ግን አላስችል አለኝና ሳልነግረው ከወትሮው ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። ሳፋ አጠገብ ተቀምጦ ቁስሉን በሙቅ ውኃና በፎጣ ይፈትገዋል። አዲሱ ሥጋ ይደማል።

«ምን እያደረግክ ነው?!»

«ሳትመጪ ልጠበው ብዬ...»

«ሁሌ ነው?»

«ሁሌ። ምን ላድርግ? ይሸታል... የምወዳት ልጅ መግሌን እንድትጠርግ አልፈልግም።»

ፎጣውን ከእጁ ነጠቅኩት። «የምወዳት» ሲለኝ መስማት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር! ልደሰት ወይስ ላልቅስ? ለእኔ ሲል እግሩን ገደለው።

ከዚያ በኋላ ካይ ቁስሉን አልነካውም። አባቴም የሆስፒታሉ ሐኪሞችም የሚችሉትን አደረጉ፤ ሕመሙ ግን አጥንት ገብቶ ነበር። እግሩን ሲቆርጡት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጄን ከማሸት በቀር ምን ልሥራ? ምንም!

ሲነቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሂጂ፣ ሌላ ፈልጊ። ወንድ ልጅ ሚስቱን ከአባቷ ቤት ሄዶ ነው የሚያመጣት። እኔ በምኔ ልምጣ?»

ያን ቀን እሺ ብዬ ወጣሁ። እሱ ዘንድ መመላለሴን ግን አልተውኩም። ቢቆጣም፣ ቢያለቅስም ሄድኩ።

ክረምቱ ሲያልፍ፣ እሱ መምጣት ካልቻለ እኔ እመጣለሁ ብዬ ቀይ የሠርግ ልብሴን ለብሼ እሱ ቤት ሄድኩ። ጓደኞቹ በሩን ዘጉብኝ።

«ኧረ ተይ! ሴት መጥታ ወንድ ስትወስድ የት ታይቷል?»

«ዞር በሉ! ባሌን ልወስድ ነው የመጣሁት!»

ካይ ከውስጥ ሰምቶ ማልቀስ ጀመረ። እኔም በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ሲከፍቱልኝ ክራንቹን አቀበልኩት፤ ደረጃውን ቀስ ብለን አብረን ወረድን።