ያልተቆረጠ ትከሻ

ጊታር ሠሪው ማክሰኞ ቀን በምሳ ሰዓት ሞተ። ሐሙስ ጠዋት ፖሊስ መዝገቡን ለመዝጋት አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ፈራሚዋ የሟች ልጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የወርክሾፑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በሩ ላይ ወንበር ስባ፣ «አልፈርምም» ብላ ተቀምጣለች።

የጣቢያው አዛዥ ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። ሲያቅተው መርማሪዋን አስጠራ። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ቁመቷ አጭር፣ መነጽሯ ወፍራም ነው። ትዕግሥቷ የሌላውን ሰው ትዕግሥት ያስጨርሳል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት አዛዡ መኪና ውስጥ። «ሰውየው የተገኘው ቫርኒሽ መርጫ ክፍል ውስጥ ነው። የቲነሩ ሽታ አፍኖታል። አየር የሚያወጣው ቬንትሌተር ጠፍቶ ነበር፤ ማጥፊያው ደግሞ ከበሩ ውጭ ነው። አጥፍቶ ገባ ማለት ነው። በሩ አልተቀረቀረም። ሥራ ጠረጴዛው ላይ በገዛ እጁ ጽፎ ተሰናብቷል።»

«ምን ብሎ?»

«ቆርጫለሁ።»

«ምኑን?»

አዛዡ ዞር ብሎ አያት። «ተስፋ ነዋ! ሌላ ምን ይቆረጣል?»

«እንጨት ይቆረጣል፣ ቲኬት ይቆረጣል። ሰውም ‹ቆርጬ ተነስቻለሁ› ይላል። እናንተ ለምን ተስፋውን መረጣችሁ?»

«ወንድሙ ነው የነገረን። ሰው ሁሉ በሥራው ሲስቅበት ከርሟል አለ።»

 ሰው የሚስቅበት ምን ዓይነት ጊታር እንደሆነ ለመርማሪዋ ገና አልገባትም።

ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። የጊታሮቹን ሽቦ የምትበይደው እሷ ናት፤ በጣቶቿ ጫፍ ላይ የቃጠሎ ነጥቦች አሉ። መርማሪዋን አየቻት፣ አዛዡን ገላመጠችው፣ ከዚያ በሩን ከፈተች። ወርክሾፑ ረጅምና ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ማጣበቂያ መያዣ ብረቶች በመጠናቸው ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ገና መልኩ ያልወጣ ነጭ የቤዝ ጊታር አካል ተኝቷል።

«ለምንድን ነው የማትፈርሚው፣ ልጄ?»

«ውሸት ስለሆነ።» ልጅቷ ከግድግዳው አንድ ያለቀለት ቤዝ ጊታር አውርዳ አቀፈችው። «ይዩት። አብዛኛው ቤዝ ጊታር አንገቱ ሥር ግራና ቀኝ ተቆርጦ ሁለት ቀንድ ያወጣል። የአባቴ ግን ከታች በኩል አንድ ቁርጥ ብቻ ነው ያለው። ከላይ እንጨቱ ሳይቆረጥ ትከሻ ሆኖ እስከ አንገቱ አጋማሽ ይወጣል። አስቀያሚ ነው ይበሉ፤ ለምጄዋለሁ።»

መርማሪዋ አልዋሸችም። «አንድ ትከሻውን ሰብቆ ‹ምን አገባህ› የሚል ሰው ይመስላል።»

ልጅቷ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አባቴም ይኸው ነው! ሌሎች እንዲህ ሲሠሩ ‹ለድምፁ ብለን ነው› እያሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እሱ ግን ‹ለዓይን ነው የሠራሁት፤ ያምራል› ነበር የሚለው። ሃያ ዓመት ሲሳቅበት ‹ያምራል› ያለ ሰው በአንድ ማክሰኞ ተስፋ አይቆርጥም። ተስፋ ቆርጦ ሞተ ተብሎ እንዲጻፍበት ብትሰቅሉኝም አልፈርምም።»

«ጽሑፉ ግን የእጁ ጽሑፍ ነው?»

«የእሱ ነው። ያም ቢሆን አልፈርምም።»

አዛዡ ተነፈሰ። በላስቲክ የታሸገውን ማስረጃ አወጣ፦ ጣት የሚያህል የወረቀት ፕላስተር፣ በላዩ በእርሳስ «ቆርጫለሁ» የሚል። ቀኝ ጫፉ በምላጭ የተቆረጠ፣ ግራ ጫፉ የተቀደደ ነው።

«ለምን ፕላስተር ላይ ጻፈ?»

«እዚህ ቤት እንጨት ላይ በእርሳስ መጻፍ ክልክል ነው። ነጭ እንጨት ላይ እርሳስ ከቫርኒሹ ሥር ይታያል። ስለዚህ ልኩም፣ ምልክቱም፣ መልእክቱም ፕላስተር ተለጥፎ እሱ ላይ ነው።» ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ በነጩ አካል ላይ ያለ ሻካራ ቦታ ጠቆመች። «የእርስዎ ፖሊሶች ግን እንደ ቁስል ፋሻ መንጭቀው እንጨቱን ገሸለጡት! አባቴ አንደኛውን ጫፍ ሁልጊዜ ያጥፋል። የታጠፈውን ይዞ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ በእንጨቱ መስመር ነው የሚላጠው። አጎቴና እኔ ዓይናችንን ጨፍነን እንላጠዋለን።»

መርማሪዋ ፕላስተሩን ደግማ አየችው። የታጠፈ ጫፍ የለውም። ከዚያ ቫርኒሽ መርጫውን ክፍል አየች። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ከውጭ በኩል አቧራ እንዳይገባ የሚጥሉበት መቀርቀሪያ አለው። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በደረት ቁመት፣ ሁለት የቫርኒሽ መዳፎች ጎን ለጎን ታትመዋል።

«ሲንገዳገድ ተደግፎ ነው» አለ አዛዡ።

«ለምን በሁለት እጁ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ አለፈች።

የሟች ታናሽ ወንድም ከጓሮ፣ የእንጨት ክምር ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ የወንድሙን ጊታሮች የቆረጠውም በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰውም እሱ ነው። ሲያለቅስ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

«ቅርጹን ይወዱት ነበር?» አለችው።

«እውነቱን ልንገርዎት? አልወደውም። ዓይን ቀኙን ካየ ግራውን ይጠይቃል። ሁለት ቁርጥ ያለው የራሴ ንድፍ አለኝ፤ ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የጊታር ሠሪዎች ኤግዚቢሽን ደግሞ ከአንድ ወርክሾፕ አንድ ጊታር ነው የሚቀበለው፤ ሁልጊዜ የእሱን። ያም ሆኖ ወንድሜ ነው።»

«ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«አምስት ሰዓት ላይ እንጨት ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ስመለስ ልጅቷ ስትጮኽ ደረስኩ።»

«በመሐል አልተመለሱም?»

«እግሬ ድርሽ አላለም።»

«ጽሑፉን መቼ አዩት?»

«ከፖሊሶቹ ጋር። ተስፋ ቆረጠ፣ ምስኪን!»

ከሰዓት በኋላ ቤዝ ተጫዋቹ መጣ። ነጩ አካል ለእሱ የታዘዘ ነው፤ በኤግዚቢሽኑም የሚጫወትበት እሱ ነው። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«ድምፁ ልብ ያሞቃል፤ መልኩ ግን፣ እትዬ! መድረክ ላይ የበር ሳንቃ ታቅፌ የቆምኩ ነው የምመስለው። ከላይ በኩልም ይቆረጥልኝ ብዬ ለመንኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹መጀመሪያ ያንተን አፍንጫ በብርጭቆ ወረቀት ልሞርደው› አለኝ። በመጨረሻ ግን ተስማምቶ ነበር፤ ሳይሠራው ሞተ እንጂ።»

«ተስማማ ያለህ ማነው?»

«ወንድሙ ነዋ። ያን ዕለት ምሳ እየበላሁ ደወለልኝ። ‹ቆርጫለሁ ብሎ በእጁ ጽፏል፤ ሁለተኛው ቁርጥ ይወጣል፣ ነገ መጥተህ እይ› አለኝ።»

«ስልክህን አሳየኝ።»

አሳያት። አየችና መለሰችለት። ከዚያ ልጅቷን መስኮቶቹን እንድትሸፍን ጠየቀቻትና ባትሪዋን አብርታ በነጩ እንጨት ላይ አጋደመችው። ከተገሸለጠው ቦታ በስተግራ ያለውን ለስላሳ ገጽ አጎንብሳ አየች፣ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየች።

«ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች።

አራቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ፦ አዛዡ፣ ልጅቷ፣ ወንድምየውና ቤዝ ተጫዋቹ።

«ከበሩ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሊሞት የገባ ሰው በር በሁለት መዳፉ አይገፋም። የሚገፋው አልከፈት ሲለው ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው ወርዶ ነበር፤ ቬንትሌተሩም ከውጭ ጠፍቷል። በኋላ አንድ ሰው መቀርቀሪያውን አንስቷል።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቀጥሎ ጽሑፉ። ሟች ጫፉን ሁልጊዜ ያጥፋል፤ ይህ ግን የታጠፈ ጫፍ የለውም፤ በግራ በኩል ተቀዷል። ስለዚህ ከቃሉ በፊት ሌላ ቃል ነበር ማለት ነው። ሽማግሌው እጁ ከባድ ነው፣ እንጨቱም ለስላሳ ነው። እርሳሱ ከፕላስተሩ ሥር እንጨቱን ወግቶታል። አዛዥ፣ እዚህ ጎንበስ በልና አንብብ።»

አዛዡ አጎነበሰ። በባትሪው ብርሃን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተከተለ፣ ጮክ ብሎ፣ ቀስ ብሎ አነበበ፦ «ላለ... መቁረጥ።» ቀና አለ። «ላለመቁረጥ ቆርጫለሁ!»

«ይኸው ነው። ስንብት አይደለም። ለለመኑት ሁሉ የተሰጠ መልስ ነው።»

«አባቴ!» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ ወረደ፣ አንገቷ ግን ቀና አለ።

«አሁን ‹ላለመቁረጥ› የሚለውን ማን ላጠው? ፖሊስ የላጠበት እንጨቱ ተገሽልጧል። ይህኛው ግን አንዲት ክር እንጨት አልተነሳበትም። ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ በእንጨቱ መስመር ነው የተላጠው። ወንጀል እየሸሸገ እንኳ እጁ እንጨት ማበላሸት እምቢ ብሎታል። አመል ያወጣል ከመሐል። ተጫዋቹ ይህን አያውቅም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ወንድምየው ልጅቷን አየ።

«እሷን አይዩአት» አለች መርማሪዋ። «እሷ ብትሆን ዛሬ ጠዋት ፈርማ ትገላገል ነበር። መዝገቡ እንዳይዘጋ በሩ ላይ የተቀመጠች እሷ ናት። እርስዎ ግን ለፖሊስ የተቆረጠው ተስፋ ነው አሉ፤ ለተጫዋቹ ደግሞ ሊቆርጥ ወስኗል አሉ። ለምን አንዱ ቃል ሁለት ሆነ? ለተጫዋቹ የደወሉት ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው። አስከሬኑ ሊገኝ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው፣ ‹እግሬ ድርሽ አላለም› ካሉበት ቤት ያለውን ጽሑፍ በስልክ አነበቡለት። ያኔ ወንድምዎ በሕይወት አለ ብለው ስላሰቡ ነገሩ የእንጨት ነበር። ተመልሰው ሞቶ ሲያገኙት የተስፋ አደረጉት።»

 ወንድምየው ማልቀሱን ትቶ ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ አሁን ግን የሚጮኸው ሌላ ጩኸት ነው።

«ሃያ ዓመት!» አለ። «ሃያ ዓመት የእሱን ትከሻ ሳለሰልስ ኖርኩ! አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ የኔ ይቅረብ አልኩት። መልሱን ፕላስተር ላይ ጽፎ ለጠፈና ሌላ ጊታር ቫርኒሽ ሊረጭ ገባ። ቀረቀርኩበት። አየሩን አጠፋሁበት። እሺ እስኪለኝ ነበር እንጂ ልገድለው አልነበረም! እሺ ይላል ብዬ ‹ላለመቁረጥ› የሚለውን ልጬ ደወልኩ። እሱ ግን...» ድምፁ ተቆረጠ። «አንድ ጊዜ እንኳ እሺ አላለኝም። ‹ያምራል› እያለ ነው በሩን የደበደበው።»

አዛዡ የእንጨቱን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ካቴናውን አወጣ። ወንድምየው እጁን ሰጠ፣ አልታገለም። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«መሳቢያው ውስጥ ያለው ንድፌ... አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ትሠሪልኛለሽ? ከኔ በኋላም ቢሆን።»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ሽማግሌው ከሞተ ወዲህ ማንም ያልነካውን የኤሌክትሪክ መጋዝ ከግድግዳው አወረደች፣ ነጩን እንጨት ወደ ራሷ ሳበች፣ ከታች በሚቆረጠው በኩል ብቻ አዲስ ፕላስተር ለጥፋ ጫፉን አጠፈች።

«አጎቴ» አለችው፣ «ተንበርክከህ ብትለምነው አባቴ ይሠራልህ ነበር?»

ሰውየው የታሰሩ እጆቹን አየ። «አይሠራልኝም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ደግሞ ልጁ ነኝ» አለችና መጋዙን አስነሳች።