በሚስቱ ስም ሥር

ባሌ ስሙ ከስሜ ሥር ከሚጻፍ ጣቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ መሰለኝ። ያን ሰሞን እንደዚያ አኩርፎ ነበር። እኔም ብሆን የዋዛ አልነበርኩም፤ ድስት ስከድን ክዳኑ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ነገሩ ግብር ነው። እኛ አገር ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል ሁሉም ገቢውን ያሳውቃል። ባልና ሚስት ከፈለጉ ለየብቻ፣ ካሻቸው ደግሞ አንዱ በሌላው ስም ሥር ገብቶ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። እኔ እዚሁ ቱምፓት ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ደመወዜ አይቋረጥም። ሳፍዋን የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ባለፈው ዝናብ ጎርፉ ጋራዡን ከነመሣሪያው ጠራርጎት ከሄደ ወዲህ ግን ሥራው ሞቶበታል። በስሜ ሥር ቢገባ ግብሬ ይቀንሳል፤ በሚተርፈው ገንዘብ የብየዳ ማሽን እንገዛለታለን። በቃ፣ ይኸው ነው! ግን ስልኩ ላይ ምርጫውን ራሱ መንካት አለበት፤ እኔ ልነካለት አልችልም።

«ለየብቻ ይሁን» አለኝ፣ ስልኩን እንኳን ሳያይ።

«ለምን?»

«ለየብቻ ይሁን አልኩ እኮ።»

«ምክንያት የሚባል ነገር የለም? አፍ የለህም?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ደሜ ፈላ። እናቱ እማ ሊማህ በረንዳው ላይ የዓሣ ቅርፊት እየፋቁ ይሰሙናል።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «ወንድ ልጅ ኩራት አለው።»

«እማ፣ ኩራት ብረት ይበይዳል?»

«እኔ ገበያ ውዬ አባቱን አበላሁት። ስሙ ግን አንድ ቀን ከስሜ ሥር አልተጻፈም።»

«ይኸው! ያበሉት ግን እርስዎ ነዎት!»

ዓሣውን ጠላታቸው ይመስል ይፍቁት ጀመር።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። እኔና ሳፍዋን የተዋወቅነው ከዚህኛው በፊት በነበረ ጎርፍ ነው። የተማሪዎቼን መጻሕፍት ፎቅ ላውጣ ስል ውሃው ከበበኝ። የማላውቀው ሰው በትንሽ ጀልባ መጣ። ከሌላ መንደር ስለሆነ ከውሃው ሥር አጥሩ የት እንዳለ፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ አያውቅም።

«እህቴ» አለኝ ሞተሩን ይዞ፣ «መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እንዳልሽኝ ነው የምሄደው።»

«ወደ ግራ» ስለው ወደ ግራ፣ «ቁም» ስለው ቆመ። አንድ ጊዜ ዞር ብል ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ምን ታያለህ?»

«መንገዱን» አለኝ፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም።

የወደድኩት ያንን ሰው ነበር፤ ሴት ስትመራው ወንድነቱ የማይጎድልበትን ሰው። ታዲያ ያ ሰው የት ገባ? የትኛው ጎርፍ ወሰደው?

የማሳወቂያው ቀነ ገደብ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ እንደገና ጠየቅኩት። እንደገና «ለየብቻ» አለኝ።

«እንግዲያው ለየብቻ!» አልኩና ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። እናቴ ዘንድ ስሄድ የምይዘውን ዘንቢል ከግድግዳው ላይ አወረድኩና ልብሴን እየጎተትኩ እወረውርበት ጀመር። የእናቴ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው።

ሳፍዋን በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልትከሺኝ ወደ ቃዲው ነው?»

«የምን ቃዲ?»

«አውቄው ነበር። ሂጂ ንገሪያቸው፤ መብትሽ ነው።»

«አንተ ሰው፣ አብደሃል? ምኑን ነው የምነግራቸው?»

እደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«በኒካሃችን ቀን የማልኩትን ረሳሽው? ሙሽራ ሁሉ የሚምለውን። ‹ሚስቴን አራት ወር ቀለቧን ብነፍጋት፣ እሷም ለቃዲ አቤት ብትል፣ ኒካሁ ይፈርሳል› ብዬ በሰው ፊት አንብቤ ፈረምኩ።»

«እሺ፣ ታዲያ?»

«ጎርፉ ከመጣ አራት ወር አለፈ። ሩዙን የምትገዢው አንቺ ነሽ። ያንን ምርጫ ከነካሁ ‹ሳፍዋን በሚስቱ ገንዘብ ይኖራል› ተብሎ መንግሥት ዘንድ ይቀመጣል። መሃላዬን እንዳፈረስኩ በገዛ እጄ መሰከርኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሚስቴ አይደለሽም።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ጋሽ ደራማን። ሻይ ቤት።»

ጋሽ ደራማን! በዕድሜው ግብር ከፍሎ የማያውቅ፣ ሦስት ሚስቶች ጥለው የሄዱት ሽማግሌ! ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅመውን ሰው ሰምቶ ባሌ ይህን ሁሉ ጊዜ ሆዱን ሲበላው ከረመ። ላለቅስ ነበር፤ ንዴቴ ቀደመኝና ሻሼን ወረወርኩበት።

«አንተ ደንቆሮ! መሃላው ‹እሷም አቤት ብትል› አይደል የሚለው? እሷ ማናት?»

«አንቺ።»

«አቤት ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«ግብር ቢሮው ነው ሚስትህ? ጋሽ ደራማን ነው ሚስትህ?»

«ኧረ አይደለም!»

«በዓለም ላይ አንተን መክሰስ የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ይኸው ፊትህ ቆማ ትጮህብሃለች! ልተውህ ብፈልግ ኖሮ ጉሮሮዬን እስኪያመኝ እጮህ ነበር?»

እማ ሊማህ ቅርፊት የለበሰ ቢላቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ደራማንን ለእኔ ተዉት» አሉና ጫማቸውን ፈልገው ወጡ።

ሳፍዋን ሻሼን ከትከሻው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አጠፈው።

«ሁልጊዜ ጠዋት ስነቃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መጀመሪያ የማየው ያንን ዘንቢል ነበር። ግድግዳው ላይ ካለ፣ አልሄደችም እላለሁ።»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። «በማን ስም?» ይላል ጥያቄው። ሳፍዋን ጥያቄውን ትቶ እኔን ያየኛል።

«ወዴት ልሂድ?» አለኝ።

ያ ሰው! ጎርፉ አልወሰደውም፤ ወላሂ እዚሁ ነበር።

«ወደ ታች» አልኩት። «ትንሽ ወረድ በል። ቁም።»

ነካው። ስሙ ከስሜ ሥር ገባ፤ ጣቱም አልተቆረጠም።

«አሁንም ተናደሽብኛል?»

«በጣም!»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዝናቡ።»

«ዝናቡ እኮ በየዓመቱ ይመጣል።»

«እንግዲያው ጀልባህን አዘጋጅ» አልኩትና ተነሣሁ። እየተነጫነጭኩ ልብሴን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ዘንቢሉን ጠዋት ሲነቃ በሚያየው ቦታ መልሼ ሰቀልኩት።